እሽሽ! በለሷ አራስ ናት

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ! እግር ይሰብሰብ፣ ጆሮ ይቅና፤ ስለ ወለላ ላወራችሁ ነው።

ወለላ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ወሬዋ ግን ምንም አልጎደለበትም።

በእነ ወለላ ቤት አዲስ ሰው አለ። ትንሽ ነው፣ ቀይ ነው፣ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም፤ ለጊዜው ማሙሽ ይሉታል።

ማሙሽ የወለላ ወንድም ነው። ከተወለደ ገና ሳምንቱ ነው።

እማዬ አራስ ናት። አራስ ማለት ሕፃን የወለደች እናት ናት፤ ብርድ እንዳይነካት፣ ፀሐይ እንዳያገኛት፣ ጫጫታ እንዳይረብሻት ክፍሏ ውስጥ ትተኛለች።

እማዬን የምታርሳት አክስት መንበረ ናት። አክስት መንበረ ቀኑን ሙሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እያደረገች ትዞራለች።

ወለላ ስትዘል፣ «እሽሽ! አራስ አለች!»

ወለላ ስትዘፍን፣ «እሽሽ! አራስ አለች!»

ወለላ ስታስነጥስ እንኳ፣ «እሽሽ!»

«ለእኔስ እሽሽ የሚልልኝ ማን ነው?» አለች ወለላ አንድ ቀን፣ ከንፈሯን ጥላ።

ማንም አልሰማትም። ማሙሽ «እኝኝ! እኝኝ!» እያለ ያለቅስ ነበር።

ወለላም ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ፣ እሽሽ የማትላት አንዲት ወዳጅ አለቻት።

ወዳጇ የበለስ ዛፍ ናት። የተከሏት የወለላ አያት አባባ ምትኩ ናቸው፤ ያኔ እማዬ ራሷ ትንሽ ልጅ ነበረች።

የአምናው በለስ ጣዕሙ! ውጭው ሐምራዊ፣ ውስጡ ቀይ፣ ሲገምጡት ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል።

አሁን ግን የካቲት ነው። የታኅሣሥና የጥር ውርጭ ቅጠሏን ሁሉ አራግፎ፣ በለሷን እርቃኗን አስቀርቷታል።

«አባባ፣ በለሷ ሞታ ነው?»

«ምን ቆርጧት!» አሉ አባባ ምትኩ። «ተኝታ ነው እንጂ።»

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ተሰማ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ወለላ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ከወዲያኛው የመንገዱ ጫፍ ሠራተኞች ቁጭ ብለው ድንጋይ ይጠርባሉ፣ የጠረቡትንም መሬት ላይ ይደረድራሉ።

«ኮብልስቶን ነው! መንገዳችን ሊያምርበት ነው!» ብላ ዘለለች።

አባባ ምትኩ ግን አልሳቁም። በለሷን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ መልሰው በለሷን አዩ።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ወለላዬ። አጥራችን ወደ ውስጥ ይገባል። በለሷ ደግሞ ውጭ ትቀራለች፣ መንገዱ ላይ።»

«መንገድ ላይ ዛፍ ይኖራል እንዴ?»

«አይኖርም። ድንጋዩ እዚህ ሲደርስ በለሷ ትቆረጣለች።»

የወለላ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ነቅለን ወደ ውስጥ እናስገባት!»

«ሥሯ እኮ እስከ ቤታችን ድረስ ነው። እሷን ስንነቅል ቤቱም አብሮ ይነቀላል።»

«እንግዲያውስ ላይዋ ላይ እወጣለሁ! ወጥቼም አልወርድም!»

«ለምሳ ትወርጃለሽ» አሉ አባባ።

ወለላ አሰበችበት። እውነታቸውን ነው፣ ለምሳ ትወርዳለች።

«ስለዚህ የኔን ዘዴ እንሞክር» አሉ አባባ ምትኩ። «ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ በለሷ ከእንቅልፏ ሳትነቃ።»

ከዕቃ ቤት ትልቁን የአትክልት መቀስ አመጡ። «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!»

ሦስት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወደቁ። ቅጠል የላቸው፣ አበባ የላቸው፤ እንዲያው ሦስት እንጨቶች።

ወለላ አንዱን አነሣች። ከተቆረጠበት በኩል ነጭ ነገር ጠብ አለ።

«አባባ! በለሷ ወተት አላት!»

«አላት። ግን እንዳትቀምሺው፣ ዓይንሽንም እንዳትነኪበት፤ ያቃጥላል።»

ወለላ እጇን ታጠበች። ወተቱን ግን አልረሳችውም፤ በሆዷ ያዘችው።

ወተቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። እስከዚያው አባባ የድሮ የዘይት ጣሳ ገልብጠው ታቹን በምስማር በሱት፤ «ኳ! ኳ!»

«ለምን ይበሳል?»

«ውሃ እንዳይተኛበት። እግሩ ውሃ ውስጥ የዋለ እንጨት ይበሰብሳል።»

ጣሳውን በአሸዋና በአፈር ሞሉት። ወለላም እንጨቶቹን አንድ በአንድ ተከለቻቸው።

«እነዚህ ሥር ካወጡ አዲስ በለስ ይሆናሉ» አሉ አባባ። «ከአዲሱ አጥር ወዲህ እንተክላቸዋለን።»

«ሥር ካላወጡስ?»

«ካላወጡማ በለስ የለንም።»

ወለላ ደረቷን ነፋች። «ያወጣሉ! እኔ እያለሁ?»

አባባ ምትኩ ጣሳውን በረንዳው ጥግ አስቀመጡት። «እንግዲህ እንደ አራስ ያዣቸው። ብርድ አይንካቸው፣ ፀሐይም አያግኛቸው።»

እንደ አራስ? ወለላ ስለ አራስ የማታውቀው ምን አለ!

የእማዬን ሻርፕ በሁለት ወንበር መካከል ዘርግታ መጋረጃ ሠራች። አጠገቡም ዘብ ቆመች።

ገብስማዋ ዶሮ መጣች። «ቋቅ! ቋቅ!»

«እሽሽ! አራስ አለች!» አለቻት ወለላ።

ድመቷ መጣች። «ሚያው!»

«እሽሽ! አራስ አለች!»

ነፋስ መጣ። «ሽውውው!»

«እሽሽ ብያለሁ!»

ሁለት ሳምንት ሄደ፣ ሦስተኛውም ሳምንት ሄደ። እንጨቶቹ ያው እንጨት ናቸው።

ከአጥሩ ማዶ ግን ድንጋዩ ቀረብ ብሏል። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ወለላ ተጨነቀች። ምን ጎድሏቸው ይሆን?

አክስት መንበረ ወጥ ቤት ገንፎ ታገነፋለች። መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ሞላችበትና ለእማዬ ወሰደችላት።

«ብዪ! አራስ ካልበላች አትጠነክርም!» አለቻት። ቀጥላ ደግሞ የእማዬን አናት ቅቤ ቀባቻት።

ወለላ በበሩ ስንጥቅ አየች። «አሃ!» አለች።

ቀስ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ከድስቱ ገንፎ፣ ከማሰሮው ቅቤ ወሰደች።

«ብሉ! አራስ ካልበላ አይጠነክርም!» እያለች በእንጨቶቹ እግር ዙሪያ ገንፎውን ከመረችው። ቀጥላ ሦስቱንም አናታቸውን ቅቤ ቀባቻቸው።

እንጨቶቹ አብረቀረቁ። ወለላ በሥራዋ ኮርታ ተኛች፤ ማታውኑ በቅለው የሚያድሩ መስሏት ነበር።

ጠዋት ግን በረንዳው ላይ ግርግር ነው። «ቋቅ! ቋቅ! ቋቅ!»

ገብስማዋ ዶሮ ጣሳው ውስጥ ቆማለች! ገንፎውን እየጫረች፣ አፈሩን ወደ ኋላ እየበተነች ትበላለች።

ጉንዳኖችም መጥተዋል። አንዱ ሰልፍ ወደ ቅቤው ይወጣል፣ ሌላው ሰልፍ ከቅቤው ይመለሳል።

«ሂጂ! እሽ! እሽ!» ብላ ወለላ ዶሮዋን አባረረች።

አንደኛው እንጨት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሁለቱ አፈሩ ላይ ተዘርረዋል።

ወለላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያጠፋችው እሷ ራሷ ናት፤ ይህ ነው የባሰ ያስለቀሳት።

አባባ ምትኩ መጡ። «ይህን ያደረገ ማን ነው?»

ወለላ ዶሮዋን አየቻት። በዶሮዋ ማሳበብ ቀላል ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። «አራስ ናቸው ብለውኝ... ገንፎ አበላኋቸው። ቅቤም ቀባኋቸው።»

«ገንፎ?» አሉ አባባ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «ቅቤም?»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከሳቃቸው ብዛት እንባቸው ወረደ።

«አይሳቁብኝ!»

«በራሴ ነው የምስቀው። አጥርቼ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።» አጠገቧ ተቀመጡ። «እስቲ ንገሪኝ፤ እማዬ ገንፎ ትበላለች። ማሙሽስ ይበላል?»

«ማሙሽ? ጥርስ የለውም እኮ!» ወለላ ሳይታወቃት ሳቀች።

«ታዲያ ምን ሲያደርግ ይውላል?»

«ይተኛል። ይጠባል። ያለቅሳል። ደግሞ ይተኛል።»

«እነዚህም ጨቅላዎች ናቸው። አፋቸው ሥራቸው ነው፤ ሥር ሳያወጡ በምናቸው ይበላሉ?» አባባ ምትኩ በጣታቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ። «አራሷስ ያቻት።»

ወለላ ትልቋን በለስ አየች። እውነትም! ወተት ያላት እሷ አይደለችም እንዴ?

«ሌላ ሦስት እንቁረጥና እንደገና እንጀምር» አለች።

«ጊዜው አልፎናል። ተመልከቻት፣ ነቅታለች፤ ቡቃያዋ አብጧል። ከእንግዲህ ያሉን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

አባባ አንዱን እንጨት በቀስታ አነሡትና አፈሩን እፍ አሉበት። እግሩ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ነበሩበት።

«ይታዩሻል? ሥር ሊያወጣ ነው። ያንቺ ጥርስ ሲበቅል ድምፅ ሰምተሻል?»

ወለላ ድዷን በምላሷ ዳበሰች። አንዲት ሹል ነገር ብቅ ብላለች! «አልሰማሁም» አለች።

«ይኸውልሽ። ይህም እንደዚያው ነው፤ ዝም ብሎ ይመጣል።»

«ቅቤውስ፣ አባባ? ቅቤውም ጥፋት ነው?»

«ቅቤውማ ግማሹ ልክ ነው! የተቆረጠ አናት ካልተከደነ ይደርቃል፤ ይህን መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ቅቤ ጉንዳን ይጠራል። በይ ሻማ አምጪ።»

ቅቤውን በጨርቅ ጠረጉት፤ ሁለቱንም እንጨቶች መልሰው ተከሏቸው። አባባ ሻማውን አብርተው በእያንዳንዱ እንጨት አናት ላይ አንጠባጠቡ፤ «ጠብ! ጠብ!»

ሁለቱም ነጭ ቆብ አደረጉ። ልክ እንደ ማሙሽ!

ከዚያ ወዲያ ወለላ ገንፎ አልሰጠቻቸውም። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ በመዳፏ ውሃ ታርከፈክፍላቸዋለች፤ ዶሮዋን ደግሞ ከሩቅ ታባርራለች።

ሌላም ሥራ ነበራት። ከአባባ ጋር ጓሮውን መቆፈር ጀመሩ፤ «ቡጭ! ቡጭ! ቡጭ!»

ለጎመን መደብ አወጡ። ከጎረቤት ፍግ አምጥተው ከአፈሩ ጋር አሹት፤ ወለላ አፍንጫዋን ይዛ በአንድ እጇ አሸች።

በወለላ መኝታ ክፍል መስኮት ሥር ደግሞ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። ባዶ ነው።

«ይህ ለማን ነው?» አለች አክስት መንበረ።

«ለበለሷ ልጅ!» አለች ወለላ። «ስትመጣ ቤቷ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።»

«ካልመጣችስ?»

«ትመጣለች» አለች ወለላ። እንጨቶቹ ግን ያው እንጨት ነበሩ።

«ኳ! ኳ! ኳ!» አለ መንገዱ። አሁን ድምፁ ከአጥሩ ሥር ነው።

አንድ ቅዳሜ አባዬና ጎረቤቶቹ አጥሩን ነቅለው ወደ ውስጥ አስገቡት። በለሷ ብቻዋን ውጭ ቀረች።

ወለላ ሄዳ ግንዷን አቀፈቻት። «ልጆችሽ ተኝተዋል፤ እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለቻት። «አታስቢ፣ እሺ?»

ከዚያ ወደ ቤት ሮጣ ጆሮዋን ደፈነች። መጋዙ ግን «ፍርርክ! ፍርርክ!» ሲል ተሰማት።

እማዬ ከክፍሏ ጠራቻት። «ነይ፣ ወለላዬ። ነይ እዚህ።»

ማሙሽ በአንድ በኩል፣ ወለላ በሌላው በኩል ሆኑ። እማዬም እንባዋን ስትጠርግ ወለላ አየች።

«እኔም ልጅ ሆኜ በለሷ ላይ እወጣ ነበር» አለች እማዬ። «ወጥቼም አልወርድም እል ነበር።»

«ለምሳስ?»

«ለምሳ እወርድ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። እያለቀሱ መሳቅም አለ ለካ!

ቀናት አለፉ። ወለላ ጠዋት ጠዋት ወደ በረንዳ ትሄዳለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። ምንም የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ቆም አለች። ጎንበስ አለች። ዓይኗን አሸች።

ከአንደኛው እንጨት ጎን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል! የወፍ ጫጩት አፍ ያህላል፣ ከዚያ አይበልጥም።

ሁለተኛውም! እሱም አለው!

ወለላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ወዲያው ትዝ አላት፤ እሽሽ! አራስ አለች!

አፏን በሁለት እጇ ይዛ በእግር ጣቷ እየሄደች የእማዬ ክፍል ገባች። «እማዬ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «በቅለዋል።»

«ምን?»

«የበለሷ ልጆች። በቅለዋል።»

እማዬ የወለላን ፊት አየች። ደስታዋ ጉንጯን ሊያፈነዳው ደርሷል።

«በይ እልል በዪ!» አለቻት። «ለአንድ ቀን ማሙሽ ቢነቃ ምን ይሆናል!»

«እልልልልልል!»

ማሙሽ ነቃ፣ «እኝኝ!» ገብስማዋ ደነገጠች፣ «ቋቅ!» አባባ ምትኩ መቆፈሪያቸውን ጥለው መጡ።

አክስት መንበረ እንኳ እሽሽ ማለቱን ረስታ እልልታውን አቀለጠችው።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ መሬቱን ሲያረሰርሰው፣ ወለላና አባባ ጣሳውን ወደ ጓሮ አወጡት።

የችግኞቹ ሥር እንዴት አድጓል! ነጭ ነው፣ ብዙ ነው፣ እርስ በርሱ ተጠላልፏል።

አንዱን ችግኝ በመስኮቱ ሥር ተከሉት። አፈሩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«አሁንስ ትበላለች፣ አባባ?»

«አሁንማ አፍ አውጥታለች!» አሉ አባባ። ወለላ ፍጉን ሰጠቻት። ገንፎ ግን የለም።

ሁለተኛው ለማን ይሁን? ወለላ አሰበችና ለአክስት መንበረ ሰጠቻት፤ እማዬ ስለጠነከረች አክስቷ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር።

አክስት መንበረ ችግኙን አቅፋ ሳቀች። «እንዲህ ያማረችው የኔን ገንፎ ቀምሳ ነው!»

ወለላ ደነገጠች። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ከድስቱ ገንፎ ሲጎድል ማን አያውቅም?» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

መሸ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ «ጠጠጠጠጠ» ይላል።

ወለላ እግሯን ታጥባ አልጋዋ ውስጥ ገባች። ጥፍሯ ውስጥ ትንሽ ጭቃ ቀርቷል፤ ይቅር።

ከአልጋዋ ሆና በመስኮቱ ትንሿን በለስ ታያታለች። ሁለቱ ቅጠሎቿ በዝናቡ ይወዛወዛሉ።

ዓይኗ ከደን ከደን አለ። አንዴ ገለጠችው፣ ከዚያ ከደነችው።

በሩ ተከፈተ። አባዬ ከሥራ መምጣቱ ነው፤ «ደህና አመሻችሁ!» አለ ጮክ ብሎ።

እማዬ ማሙሽን እንደታቀፈች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ!» አለች። «ወለላ ተኝታለች!»

አባዬ ጫማውን በእጁ ይዞ በእግር ጣቱ ገባ። አባባ ምትኩ ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። ማሙሽ እንኳ ዝም አለ።

ወለላ ግን ገና አልተኛችም ነበር። ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ሰማች፤ አዲሱ ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ አለች።

አሁን ተኛች። እኛም ቀስ ብለን እንውጣ።

እሽሽ!